ለሚመለከተው ሁሉ

ባለፈው ሚያዝያ ታናሽ እህቴ አንድ ወረቀት ይዛ ቤት መጣች። የዩኒቨርሲቲዋ ማኅተም ያረፈበት፣ አምስት መስመር የማይሞላ ደብዳቤ ነው። ስሟንና የምትማርበትን ክፍል ይጠቅስና «ለተግባር ልምምድ አስፈላጊውን ትብብር እንድታደርጉላት እንጠይቃለን» ብሎ ይጨርሳል። ከላይ፣ የድርጅት ስም መግባት ባለበት ቦታ ላይ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል።

«የት ልውሰደው?» አለችኝ።

ምን እንደምላት ጠፋኝ። ከሰባት ዓመት በፊት እኔም ይህችኑ የመሰለች ወረቀት በፕላስቲክ ክላሰር ይዤ የስንቱን ፋብሪካ በር ጠባቂ ደጅ ጠንቻለሁ። ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ቡናቸውን አስቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉና ደብዳቤውን አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

«ለማን ነው የተጻፈው?» አሉ።

«ለሚመለከተው ሁሉ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«እሱንማ አየሁት። ማንን ነው የሚመለከተው?»

ጋሼ የፖሊ ልጅ ናቸው። ባሕር ዳር ላደገ ሰው ይህ ብቻ ይበቃዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከገጠር መጥተው ፖሊ ቴክኒክ ገቡ፣ ጨርቃ ጨርቅ ተማሩ፣ ጨርሰው በዚያው ሙያ ሥራ ያዙ። ሲቪ ጽፈው አያውቁም። ማመልከቻ ይዘው የተንከራተቱበት አንድ ሳምንት እንኳን የለም። እኔ በሜካኒካል ምህንድስና ዲግሪዬን ይዤ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሥራ ፈትቻለሁ። ሁለታችንም ሰነፎች አልነበርንም። ታዲያ በመሀል ምን ተፈጠረ? የጋሼ ጥያቄ ቆየብኝና የከተማችንን ታሪክ በዚያ በኩል ማየት ጀመርኩ።

ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤት፣ መብራት

የዛሬዋ ባሕር ዳር የተጀመረችው በዘንባባዎቿ አይደለም። በ1940ዎቹ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች፣ ከሐይቁ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች። ከዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ነገሮች ተከታትለው መጡ።

መጀመሪያ ፋብሪካው ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ። ገንዘቡ የመጣው ጣሊያን ለወረራው ከከፈለችው የጦር ካሳ ነው። የቆቃ ግድብ የተሠራበትም ገንዘብ ይኸው ካሳ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1951 ክረምት ሞስኮ ሄደው ከሶቪየት ኅብረት 100 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈቅዶላቸው ተመልሰው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሁለቱ አገሮች የቴክኒክ ትብብር የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ተከፈተ። ሦስተኛው መብራቱ ነው። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ኃይል ማመንጫ በ1956 ሥራ ጀመረ። ጉልበቱ 11.4 ሜጋ ዋት ነው፤ ለዛሬ ትንሽ ቢመስልም ለዚያን ጊዜ ከተማና ለአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትልቅ ነገር ነበር።

አሁን ፖሊ ያስተምራቸው የነበሩትን ስድስት ሙያዎች ተመልከቱ፦ የእርሻ ሜካኒክስ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ኤሌክትሪክ፣ እንጨት ሥራ። ጨርቃ ጨርቅ ለሚማረው ልጅ ፋብሪካው እዚያው ከተማው ውስጥ አለ። ኤሌክትሪክ ለሚማረው ተርባይኑ ጢስ ዓባይ ላይ ይዞራል። እዚህ ቦታ ባይገኝ አቃቂና ድሬዳዋ ፋብሪካ አላቸው። የሙያዎቹ ዝርዝር ራሱ አገሪቱ ልትተክል ያሰበችው ነገር ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል።

ያኔ «የዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር» የሚባል ቃል አልነበረም። ባነር አልተሰቀለም፣ የመግባቢያ ሰነድ እያጨባጨቡ አልተፈራረሙም። ነገር ግን ተማሪው በሩን ከመርገጡ በፊት በሌላኛው ጫፍ የሚቀመጥበትን ወንበር የቆጠረ ሰው ነበር።

ዛሬ ፔዳ የምንለው ግቢ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። የፔዳጎጂ አካዳሚ በ1964 ሲቋቋም ስምምነቱን ያደረጉት የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ነበሩ። በ1965 ሥራ ሲጀምር የተሰጠው ተልእኮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠር ሕይወት ጋር የሚያዛምዱ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር፦ የመምህራን አሠልጣኞችን፣ ሱፐርቫይዘሮችን፣ የጎልማሶች ትምህርትና የማኅበረሰብ ልማት ሠራተኞችን። የእነዚህ ሰዎች ቀጣሪ ማን ነው? ራሱ መንግሥት። ማለትም ቀጣሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ አገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ግዴታ አድርጎ ነበር። አብዛኞቹ በመምህርነት ተሰማሩ። የዛሬው ኢንተርንሺፕ አያት ካስፈለገን እሱ ነው። ልዩነቱ የወጣው ተማሪ እውነተኛ ክፍል ውስጥ፣ እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ይቆም ነበር። እሱ ቢቀር ክፍሉ ያለ አስተማሪ ይቀራል።

«ሥራው ነው እኛን የፈለገን»

ይህን ስል ያንን ዘመን ላሽሞነሙነው አይደለም። የጋሼ የሰፈር እኩዮች አብዛኞቹ ፖሊ ቀርቶ አንደኛ ደረጃም አልገቡም። ወንበሩ ቀድሞ የሚቆጠረው ተማሪው ጥቂት ስለነበረ ነው። አስተማሪውም ቀጣሪውም መንግሥት በመሆኑ፣ «ትስስር» የሚባለው ነገር በአንድ ሰው በሁለት እጆቹ መካከል የሚደረግ ጉዳይ ነበር።

በደርግ ጊዜ ይኸው አሠራር ጠብቆ ምደባ ሆነ። ተመራቂው ስሙ ከነምድብ ቦታው ተለጥፎ ያያል፣ ሻንጣውን ይሸክማል፣ ይሄዳል። ዛሬ ሥራ አጥቶ ለተቀመጠ ሰው ይህ ገነት ይመስላል። ጋሼን ስጠይቃቸው ግን ሳቁ።

«እኛ ሥራ ፈልገን አናውቅም። ሥራው ነው እኛን የፈለገን። ግን የት ሆኖ እንደሚፈልገን አይነግረንም ነበር» አሉኝ።

እሳቸው ራሳቸው በአንድ ቀን ደብዳቤ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው የመጀመሪያ ልጃቸውን ክርስትና አልደረሱም። አልሄድም ማለት አይታሰብም፤ ሌላ ቀጣሪ የለማ። ዋስትናው እውነት ነበር፤ ዋጋውም እውነት ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ፣ ተመራቂን ሁሉ ተቀብሎ የሚመድበው ቀጣሪም አብሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው ሥራ መፈለግ ራሱ ሥራ የሆነው።

ደብዳቤው ሲበዛ

ፖሊና ፔዳ ተዋህደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያው አካባቢ ባሉት ዓመታት አገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የመክፈት ዘመን ውስጥ ገባች። በ1983 በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 70 በ30 መጣ፦ ከመቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ። የምህንድስና ሥርዓተ ትምህርት ተከለሰና አንድ ሴሚስተር ሙሉ ለኢንተርንሺፕ ተመደበ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ፋብሪካ ረግጦ የማያውቅ መሐንዲስ እንዳይመረቅ ነው።

ችግሩ ሂሳቡ ላይ ነው። ተማሪው በዐሥር እጥፍ ሲያድግ ፋብሪካው በዐሥር እጥፍ አላደገም። አንድ የባሕር ዳር ፋብሪካ በአንድ ወቅት የሚደርሰው ደብዳቤ ከባሕር ዳር ብቻ አይደለም፤ ልጁ ሌላ ክልል ተምሮ ለልምምድ ወደ ቤተሰቡ ከተማ ይመጣልና ከየአቅጣጫው ነው።

እስቲ ለአፍታ በፋብሪካው ወንበር እንቀመጥ። በር ላይ ሠላሳ ልጅ ቆሟል። ልጆቹን አንተ አልመረጥካቸውም። ምን እንደተማሩ አታውቅም። ማሽኑ ጋ ብታቀርባቸው ጣት ሊቆረጥ ይችላል፣ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። የሚያስተምራቸው ሠራተኛ ከምርት ይጎድላል። ሲጨርሱ ደግሞ ይሄዳሉ። ዩኒቨርሲቲው በምላሹ የሚሰጥህ የምስጋና ደብዳቤ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ብሆን ስቶር አካባቢ አስቀምጬ ፊርማ ባስፈርማቸው ይቀለኝ ነበር።

እኔንም ያደረጉኝ ይህንኑ ነው። የተማርኩት ከባሕር ዳር ውጭ ነው፤ ልምምድ የወጣሁት አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ አራት ወር። የመጀመሪያው ሳምንት ጉብኝት። ከዚያ ጠዋት ፈርሞ መግባት፣ ማታ ፈርሞ መውጣት። በመሀል ያለውን ሰዓት ስልኬ ያውቀዋል። የፋብሪካው ኃላፊ የግምገማ ቅጹን ሲሞላልኝ ስሜን ጠየቀኝ፤ አራት ወር አብረን ከርመን ማለት ነው። ከ100 ግን 94 ሰጠኝ።

ከዚያ ሁሉ ጊዜ የማልረሳው አንድ ቅዳሜ ነው። አንድ የጥገና ሠራተኛ ነበሩ፣ ዲግሪ የሌላቸው፣ እጃቸው ግን የሚናገር። የአንድ ማሽን ጊርቦክስ ሲፈቱ ረዳታቸው ቀርቶ ነበርና «ና እስቲ ያዝልኝ» አሉኝ። ስድስት ሰዓት አብሬያቸው ሠራሁ። ቤሪንጉ ለምን እንደተበላ በጣታቸው እያስነኩ አሳዩኝ። ዘይቱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነበር። አራት ዓመት የተማርኩት ነገር ሁሉ በዚያ ቀን ሽታና ክብደት አገኘ።

ከተመረቅኩ በኋላ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚሉ ማስታወቂያዎችን እያሳደድኩ ስከርም፣ ለቃለ መጠይቅ በቀረብኩ ቁጥር አፌን ሞልቼ የማወራው ስለዚያች ጊርቦክስ ብቻ ነበር። በመጨረሻም ሥራ ያገኘሁት በማስታወቂያ አይደለም። እኚያው ሰውዬ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ጠጋኝ ይፈልጋል ብለው ደወሉልኝ። ቅጹ ላይ ያለው 94 ማንንም አላስደነቀም። አንድ ሰው እጄን አይቶት ነበር፤ ያ ነው የሠራው።

ባሕር የሌለው መርከበኛ

«ስለዚህ ትስስር የሚባለው ነገር እዚህ አገር አይሠራም» ብዬ እንዳልደመድም የሚያደርገኝ አንድ ታሪክ አለ፤ እሱም የዚሁ የጣና ዳር ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው።

ኢትዮጵያ ከ1985 ጀምሮ የባሕር በር የላትም። ሆኖም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከውጭ አጋር ጋር ሆኖ የመርከበኞች ማሠልጠኛ ከፍቶ እያሠለጠነ ነው፤ ግቢው እዚሁ ባሕር ዳር ይገኛል። የሚቀበለው በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁትን ነው። እዚያ ሠልጥነው በውጭ የንግድ መርከቦች ላይ እጩ መኮንን ሆነው ይሳፈራሉ። በዓለም ላይ የመርከብ መኮንን እጥረት አለና ቀጣሪው ሰው የሚፈልገው ለውለታ አይደለም፤ ለራሱ ብሎ ነው።

እኔን የገረመኝ ልምምዱ የሚሠራበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ዓለም አቀፍ የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት የሞተር ክፍል መኮንን ለመሆን ከ12 ወር ያላነሰ የወርክሾፕና የባሕር ላይ ልምምድ ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 6 ወሩ ሞተር ክፍል ውስጥ መሆን አለበት። የተሠራው ሥራ ሁሉ በሥልጠና መዝገብ ላይ እየተጻፈ፣ መርከቡ ላይ ያለ ኃላፊ እያየ ይፈርምበታል። የሚፈረመው ልጁ ጠዋት መግባቱን አይደለም፤ ይህንን ፓምፕ ፈትቶ መግጠሙን ነው። ፈራሚው ውሸት ቢፈርም ነገ መሀል ውቅያኖስ ላይ ሞተር ሲቆም አብሮ የሚቆመው እሱ ራሱ ነው።

በሩ ጠባብ ነው፤ ብዙ ሰው ይፈተናል፣ ጥቂት ያልፋል። ሕይወቱም ቀላል አይደለም፣ ቤተሰብን ለወራት መለየት አለበት። የመቶ ሺህዎችን የሥራ ጥያቄ አይመልስም። ግን አንድ ነገር ያሳያል፦ የኛ ልጅ፣ በኛው ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ ወንበሩ ከተቆጠረለትና የሚያስተምረው ሰው የሚያጣው ነገር ካለ፣ ከዓለም ጋር እኩል ይቆማል።

በሌላው ዓለም ያለውም ልምድ ወደዚሁ ያመራል። አሜሪካ ውስጥ ኸርማን ሽናይደር የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1906 በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ 27 የምህንድስና ተማሪዎችን ይዞ ትምህርትና ፋብሪካን ማፈራረቅ ጀመረ፤ ተማሪዎቹ ፋብሪካ ሲገቡ ደሞዝ ይከፈላቸው ነበር። ጀርመን ሽቱትጋርት ላይ ዳይምለር ቤንዝና ቦሽን የመሰሉ ኩባንያዎች የገቡበት እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረ አሠራር አለ፤ እዚያ ልጁ መጀመሪያ ከኩባንያው ጋር ውል ይፈርማል፣ ከዚያ ነው ትምህርት ቤት የሚገባው። እኛ ጋ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። አምስት ዓመት ካስተማርን በኋላ ነው «ማን ይፈልገው ይሆን?» የምንለው።

ይህም ቢሆን ዋስትና አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ የጨርቃ ጨርቅ ተማሪ ሁሉ ተስፋ አድርጎ ነበር። በ2014 ጦርነቱ ውስጥ ሆነን ዋናው የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ጥሎ ወጣ፣ ወዲያው ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ታገደች። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ያለው ግጭት መንገዱንም ንግዱንም ይዞታል። ሰላም ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀነሰው ገና ያልተቀጠረው ሰው ነው። ይህንን የትኛውም የመግባቢያ ሰነድ አይመልሰውም።

ግን በእጃችን ያለውን እንኳን አላደረግነውም። ዩኒቨርሲቲና ድርጅት ተፈራረሙ የሚል ዜና ባየሁ ቁጥር አሁን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ስንት ልጅ፣ በየትኛው ወር? ተማሪው ምንም ሳይማር ቢወጣ የሚጎዳ ሰው ከድርጅቱ በኩል አለ? የሚያስተምረው ሰው ስሙ ማን ነው፣ ለድካሙስ ምን ያገኛል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ስምምነት ለፎቶ ብቻ ነው። የኔን ጊርቦክስ ያስፈቱኝ ሰውዬ ለዚያ ቅዳሜ አንድ ብር አልተጨመረላቸውም፤ በሥርዓቱ ውስጥ ስማቸውም የለም።

ስም ያለው ደብዳቤ

ወደ እህቴ ልመለስ። ያን ቀን ማታ ሦስታችን ቁጭ ብለን የምናውቃቸውን ጋራዦች፣ ብየዳ ቤቶችና አነስተኛ ፋብሪካዎች ጻፍን፣ አሥራ አንድ ሆኑ። ጋሼ አንዳንዱን በብዕር ሰረዙ። «ይሄ ማስተማር አይወድም» ይላሉ። «ይሄኛው ይቆጣል፣ ግን ያሳያል።»

በነጋታው ተነስታ ወደሚቆጣው ሄደች። ግብርና መሣሪያ የሚያመርት ወርክሾፕ ነው። ደብዳቤውን አላወጣችም። ግማሽ ቀን ቆማ የበቆሎ መፈልፈያ ሲሠሩ አየች፣ ማታ ቤት መጥታ ማሽኑን በኮምፒውተር ሣለችው፣ በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን ይዛ ተመለሰች። ባለቤቱ ሥዕሉን አይተው «ይሄ ቁጥር ልክ አይደለም» አሉና ሜትር አውጥተው ለኩ። እሷም ለካች። ሰውዬው እስካሁን የሚሠሩት ከጭንቅላታቸው ነበር፤ ሥዕል የሚሥልላቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወደ ትምህርት ክፍሏ ተመልሳ ደብዳቤው በሰውዬው ስም እንዲቀየርላት ለመነች። ሁለት ቀን አመላለሷት፣ ተቀየረ። አሁን ሰኔ ነው፣ ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። ማታ ስትመጣ እጇ ግራሶ ግራሶ ይሸታል፣ እናቴ ትነጫነጫለች። ስትመረቅ ይቀጥሯታል? አላውቅም፣ እሳቸውም አያውቁም፤ የብረት ዋጋ ነው የሚወስነው።

ጋሼ ግን አዲሱን ደብዳቤ ሲያዩ አንዴ አንብበው መለሱላት። «አሁን አንድ ሰው ይመለከተዋል» አሉ።